ሻምበል የረጠበ እንጀራ አይወድም

«እንጀራውን ለብቻ አድርጊልኝ፣ ወርቄ። ሻምበል የረጠበ አይወድም።»

ወርቅውሃ ጭልፋዋን አየር ላይ እንደያዘች ቆመች። ከፊቷ አንድ ፌስታል አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ፌስታሉን የያዙት የአቶ ብዙነህ እጆች ናቸው፤ ታጥበዋል፣ ጥፍራቸው ተቆርጧል፣ አይንቀጠቀጡም። ድንኳኑ ውስጥ የክርስትናው እንግዳ እየተሰናበተ ነው። ድስቱ ውስጥ የቀረው ዶሮ ወጥ ስድስት ሰው ያጠግባል።

«ሻምበል ውሻ አይደለም እንዴ፣ ጋሽ ብዙነህ?»

«ውሻ ነው።»

«ውሻ ከመቼ ወዲህ ነው እንጀራ የሚያማርጠው?»

«አመሉ ነው። ምን ታደርጊዋለሽ?» አሉና ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ሁለተኛ ፌስታል አወጡ። እሱም ታጥቧል፣ ደርቋል፣ አራት ቦታ ታጥፏል።

ወርቅውሃ እንጀራውን ለብቻ አደረገች። እያጉረመረመች ነው ያደረገችው፤ ግን አደረገች።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ዕድር የለም። የሰበታው ይኸው ነው። ቡራዩ የራሱ አለው፤ ሱሉልታ ሁለት አሉት ይባላል። መልኩ ይለያያል እንጂ ኮቱ፣ ኪሱና ፌስታሉ አንድ ነው። ድግስ ላይ ቀድሞ አይመጣም። ሲመጣም ጥግ ይይዛል። ሦስት ጊዜ ጎርሶ «ጠገብኩ፣ ይስጥልኝ» ይላል፤ ቢለምኑት አይጨምርም፣ ቢቆጡት አይጨምርም። ከዚያ እንግዳው ሳሳ ሲል፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ንብረት ሊቆጥር እንደመጣ ሰው ወደ ማጀት ያልፋል።

«አጥንት ቢጤ ተርፎ ከሆነ… ለውሻዬ ነው።»

አጥንት የሚከለክል ሰው የለም። ችግሩ አጥንቱ ብቻውን አለመሄዱ ነው። አጥንቱ ላይ ትንሽ ሥጋ ካልኖረበት ውሻው ያዝናል። ሥጋው ደርቆ እንዳይሄድ መረቅ ይፈልጋል። መረቁ እንዳይፈስ እንጀራ ይፈልጋል። «ከተነካ አይቀር» እየተባለ እንቁላል ይገባል። አጥንት ብሎ የመጣ ሰው የአንድ ቤተሰብ ምሳ ተሸክሞ ይወጣል።

ክቡር አቶ ብዙነህ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በንብረት ክፍል ኃላፊነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከመጋዘናቸው አንዲት የክር ጥቅል አልጎደለችም። ይህን ራሳቸው ይናገራሉ፤ ሌሎችም ይመሰክራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከፋብሪካው በላይ ባለው ዳገት ላይ፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ብቻቸውን ማለት ከሻምበል ጋር።

ይህ እንግዲህ ሻምበል ካለ ነው።

ሻምበልን ያየ ሰው አልነበረም። ጮኾም አያውቅም። የግቢው አዋሳኝ አዴ ገለቴ በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቀው «ሳሬን ኤሳ ጅራ?» ይላሉ፤ ውሻው የት አለ ማለታቸው ነው። ከውስጥ የሚመጣው መልስ አንድ ነው፤ «ራፌ ጅራ፣ ተኝቷል።» አምስት ዓመት ሙሉ ተኝቷል። በሰበታ እንደ ሻምበል የተኛ የለም።

ቢተኛም ምላሱ ንቁ ነው። ምን እንደሚወድና ምን እንደማይወድ ዕድሩ ሁሉ በቃሉ ያውቃል። ሻምበል አይብ ይወዳል፤ ግን ከወጡ ጋር ሲቀላቀል አይወድም። ቃሪያ ይበላል።

«ውሻ ቃሪያ ይበላል?» አለች ወርቅውሃ አንድ ጊዜ።

«ሌላውን እንጃ። የኔው ይበላል።»

ሻምበል ሰናፍጭ ይቀምሳል። የጎድን ጥብስ በጣም ካረረ ይመልሳል። ዓቢይ ጾም ሲገባ ፌስታሉ ወደ ሽሮውና ወደ ሱፍ ፍትፍቱ ይዞራል። አንድ የሙት ዓመት ላይ ለፕሮቴስታንት አባላት የተዘጋጀ የፍስክ ድስት ነበረ፤ ወርቅውሃ ሆነ ብላ ከዚያ ልትጨልፍ ስትል አቶ ብዙነህ እጇን ያዟት።

«ከጾሙ ነው፣ ወርቄ።»

«ለውሻ?»

«በኔ ግቢ የሚገድፍ ፍጡር የለም።»

ይህን ሲሉ አይስቁም። ይህ ነበር ወርቅውሃን የሚያቃጥላት። አሥራ ሁለት ዓመት የዕድሩ ወጥ ቤት ኃላፊ ናት። የድስቶቹ ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው። ስንት እንቁላል እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ፣ የትኛዋ አስተናጋጅ የፈረሰኛ ብልት በነጠላዋ ጠቅልላ እንደሄደች ታውቃለች። ከእሷ ድስት ዓይኗ እያየ፣ በሰላምታ፣ በምርቃት፣ ወጥ የሚያስወጣ ሰው አንድ ብቻ ነው። ሰውዬው እንደሚዋሽ እርግጠኛ ነበረች። የሚዋሽበትን መያዣ ግን አላገኘችም።

ሌላው በቀልድ ያልፈዋል። ቀልዱን የሚመራው ጌዲ ነው። ጌዲ ከሆሳዕና የመጣ የልስን ሠራተኛ ነው፤ ጣቱ ላይ ሲሚንቶ፣ ምላሱ ላይ ጨው የማይጠፋ።

«ጋሼ፣ የሻምበል ማዕረግ አይጨምርም እንዴ? እንዲህ እየበላ እስካሁን ሻለቃ መሆን ነበረበት።»

«ቦታ ሲለቀቅ» ይላሉ አቶ ብዙነህ ፌስታላቸውን እየቋጠሩ።

በየካቲት ያበደ ውሻ ከፉሪ በኩል ወርዶ ሁለት ሰው ነከሰና ተገደለ። ዕድሩ ደነገጠ። ሊቀመንበሩ ከከተማው የእንስሳት ጤና ጣቢያ ባለሙያ ጠሩ። በዕድሩ ድንኳን በተደረገው የመጋቢቱ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ላሊሴ የምትባል ቀጭን፣ ቦት ጫማ ያደረገች ልጅ ቆመች።

«ዶክተር ላሊሴ» አለ ጸሐፊው ዕዝራ ሲያስተዋውቅ።

«ዶክተር አይደለሁም። የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ።»

«ዶክተር ላሊሴ» አለ ዕዝራ፤ ቃለ ጉባኤው ላይም እንደዚያው ጻፈ።

ላሊሴ ስለ ክትባቱ ተናገረች፤ ቤት ለቤት እየዞርኩ እወጋለሁ አለች። ሰዉ ሊነሣ ሲል «አንድ ነገር ልጨምር» አለችና ስለ ምግብ አነሣች።

«እኛ የምንበላው ሁሉ ለውሻ አይሆንም። ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ ጥሬውም የበሰለውም፣ የውሻን ደም ይጨርሳል። ዛሬ በልቶ ዛሬ አይታይበትም፤ ከቀናት በኋላ ነው ድዱ ነጭ ሆኖ የሚወድቀው። የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ መስታወት ይሰበራል፤ አንጀት ይቀዳል። ዘቢብ ኩላሊቱን ነው። ቸኮላትና ቡና ልቡን። ያልተጋገረ ሊጥ ሆዱ ውስጥ ኩፍ ይላል። ጠላና አተላ ጭራሽ አይነካ። ስኳር የሌለው ማስቲካ እንኳን ይገድላል።»

«ማስቲካም?» አለ አንድ ሰው።

«ማስቲካም።»

«ታዲያ ምን ይብላ?» አሉ አዴ ገለቴ።

«ጨውና ቅመም የሌለው ቅቅል። ሩዝ፣ ሳንባ፣ ካሮት።»

ወርቅውሃ የሰማችው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው፤ ሽንኩርት። አምስት ዓመት ሙሉ ፌስታሉ ውስጥ የገባው ምንድን ነው? የእሷ ዶሮ ወጥ። የእሷ ዶሮ ወጥ ምንድን ነው? ሽንኩርት ነው፤ ኬሻ ሙሉ ሽንኩርት፣ ዶሮው እንግዳ ነው። ቀስ ብላ አንገቷን አዞረች። የተሰበሰበው ሰው አንገት ሁሉ ወደዚያው ዞሮ ነበር።

አቶ ብዙነህ ጥጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

ጌዲ እጁን አወጣ። «ዶክተር፣ ጥያቄ አለኝ። አንድ ውሻ ለአምስት ዓመት፣ በየድግሱ፣ ዶሮ ወጥ ከነአጥንቱ ቢበላስ?»

«አምስት ዓመት?» ላሊሴ ሳቀች። «አምስት ዓመት አይኖርማ።»

ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አቶ ብዙነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኔው ለምዶታል» አሉ።

ላሊሴ ግን መሳቋን አቆመች። «እውነተኛ ውሻ ነው እንዴ? ኦቦ ብዙነህ፣ ቀልድ እኮ አይደለም። ይሞትብዎታል!»

ወርቅውሃ የጠበቀችው ጊዜ ይህ ነው። ብድግ አለች። ፊቷ ላይ የነበረው ርኅራኄ የገዛ እናቷ ብታየው የምትጠራጠረው ዓይነት ነበር።

«እኔ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ነኝ። እስካሁን ባለማወቅ የሻምበልን ነፍስ ስጎዳ ኖሬያለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ከእንግዲህ ግን አይሆንም። በየድግሱ ለሻምበል ለብቻው ይቀቀልለት። ድስቱን እኔ እችላለሁ።»

ተጨበጨበ። የኢትዮጵያ ዕድር መልካም ሐሳብ ሲያገኝ የሚያቆመው ነገር የለም። ዕዝራ እስክሪብቶውን አነሣ፤ የተጻፈውም እነሆ፤ «የአባላችን የአቶ ብዙነህ ውሻ የሆነው ሻምበል ጤንነቱ ይጠበቅ ዘንድ፣ ሽንኩርት፣ ጨው፣ በርበሬና ቅመም ያልነካው ቅቅል በየድግሱ ለብቻው እየተዘጋጀ እንዲሰጠው፣ ከሌላ ድስት ግን ምንም ዓይነት ነገር እንዳይሰጠው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።»

በሙሉ ድምፅ ማለት አቶ ብዙነህም እጃቸውን አውጥተዋል ማለት ነው።

ፋሲካ አለፈና በግንቦት ሰርግ መጣ። ወርቅውሃ ቃሏን አከበረች። ከጠዋት ጀምሮ በአሮጌው ድስት ሳንባ ቀቀለች፤ ጨው ጠብ አላደረገችበትም። እንግዳው ሲሳሳ አቶ ብዙነህ እጃቸውን አጣምረው መጡ። ፌስታሉን ቀድማ ቋጥራ ነበር የጠበቀቻቸው።

«ሽንኩርት?» አሉ።

«ሽታውም አልደረሰበት።»

«ጨው?»

«ለመድኃኒት ቢፈለግ አይገኝም።»

«ደግ።» ፌስታሉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ዓይናቸው ለአፍታ ከጎኗ ወዳለው ትልቁ ድስት ሄዶ ተመለሰ። «ሻምበል ያመሰግናል» አሉና ሄዱ። ሁለተኛው ፌስታል ከኪሳቸው አልወጣም።

ወርቅውሃ ጀርባቸውን እያየች ሳቀች። በሰርጉ መልስም ሳንባ ሰጠቻቸው። ከዚያ በኋላ በነበረው ክርስትናም ሳንባ ሰጠቻቸው፤ ካሮት ጨመረችበት። አቶ ብዙነህ በየጊዜው አመሰገኑ። ቀለበታቸው እየሰፋ ጣታቸው ላይ መዞር እንደጀመረ ያየችው በክርስትናው ነው። አየችና ረሳችው።

በሰኔ መጀመሪያ ክትባቱ ወደ ዳገቱ ደረሰ። ላሊሴ የአቶ ብዙነህን ቤት አታውቀውም። ወርቅውሃ «እኔ አሳይሻለሁ» አለች። ለልጅቷ አዝና አይደለም። ጌዲና ሌሎቹ ሲያዩአት «ዛሬ ወይ ሻምበል ይታያል ወይ አቶ ብዙነህ ይታያሉ» ብላቸው ነው የወጣችው።

ዝናብ መትቶ ነበር፤ ዳገቱ ጭቃ ነው። የቆርቆሮውን በር አንኳኩ። አቶ ብዙነህ ከፈቱ፤ ኮታቸውን ለብሰዋል። በሩን ሞልተው ቆሙ።

«ተኝቷል» አሉ።

«ተኝቶም ይወጋል» አለች ላሊሴና በጎናቸው ገባች።

ወርቅውሃ ተከተለች። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ የተጠረገ፣ የተስተካከለ፣ መጋዘን የሚመስል። ከአልጋው ሥር መጀመሪያ አፍንጫ ወጣ። ቀጥሎ ራስ። ከዚያ ማለቂያ የሌለው ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ወገቡ ጠረጴዛ የሚያህል ውሻ ወጣ። እየተንጠራራ መጣና የወርቅውሃን እጅ አሸተተ። ያን የሳንባ ድስት ያወቀ መሰለ፤ እጇን ላሰ።

«አይጮህም?» አለች ወርቅውሃ።

«ሰው ይወዳል» አሉ አቶ ብዙነህ። «ለጥበቃ አይሆንም። ለዚህ ነው የማላስወጣው፤ ማንም ጠርቶ ይወስደዋል።»

ላሊሴ ተንበርክካ ከንፈሩን ገለጠች፤ ድዱን በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች። ዓይኑን አየች። ሆዱን ዳሰሰች። ደጋግማ ድዱን አየች።

«ይሄ ሮዝ ነው» አለች። «እንዲህ ያለ ጤነኛ ውሻ ዘንድሮ አላየሁም። ይሄ ውሻ ሽንኩርት በአፉ ዞሮ አያውቅም! ምንድን ነው የሚያበሉት ኦቦ ብዙነህ?»

አቶ ብዙነህ በአገጫቸው ወደ ጥግ አመለከቱ። ቡታጋዝ ላይ አንድ ድስት አለ። ወርቅውሃ ክዳኑን አነሣች፤ የድስት ክዳን ማንሣት ሥራዋ ነው። ሩዝ፣ ሳንባ፣ ካሮት፤ በደንብ የበሰለ፣ በልክ የተከተፈ። ከድስቱ በላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ፣ ጢስ ያጠቆረው የሉክ ወረቀት ነበር። በንብረት ክፍል ጽሕፈት እንዲህ ይላል፤

«ለሻምበል ወጪ የማይደረጉ፤ ፩ ሽንኩርት። ፪ ነጭ ሽንኩርት። ፫ የዶሮ አጥንት። ፬ ዘቢብ። ፭ ቸኮላት (ቢገኝ)። ፮ ሊጥ። ፯ አተላ።» ከሥሩ ፊርማ አለ። ከፊርማው ሥር ቀን አለ። ቀኑ ሰባት ዓመት ሆኖታል።

«ቡችላ ሳለ ቁሌት ልሶ ሳምንት ሙሉ ወድቆብን ነበር» አሉ አቶ ብዙነህ። «ያኔ የነበረው ሐኪም ነገረን። ባለቤቴ ናት ጻፈው ያለችኝ። እሷ ወጥ ስትሠራ እኔ ሻምበልን ይዤ ጓሮ እቆም ነበር።»

ወርቅውሃ ከወረቀቱ ዓይኗን አነሣች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰሐን አለ። ሰሐኑ ላይ የደረቀ ዳቦ፣ ከጎኑ በወረቀት ላይ ቁንጣሪ በርበሬ፣ ከዚያ ባዶ የሻይ ብርጭቆ። ከሰሐኑ አጠገብ ሁለት ፌስታሎች፤ ታጥበዋል፣ ደርቀዋል፣ አራት ቦታ ታጥፈዋል።

ሂሳቡን ለመሥራት ጊዜ አልወሰደባትም። ሴትየዋ ያረፉት መቼ ነበር? አምስት ዓመቱ። ፌስታሉ የተጀመረው መቼ ነበር?

«ጋሽ ብዙነህ» አለች። «ለውሻ እንዲህ አሳምረው የሚያበስሉ ሰው፣ ለራስዎ…»

«ለውሻ መቀቀል ነው፣ ወርቄ» አሉ። «ወጥ ሙያ ነው። ሁለት ጊዜ ሞከርኩት፤ የሷን አልመሰለም። ተውኩት።»

ላሊሴ መርፌዋን እያዘጋጀች ነበር። ቀና አለች። ወጣት ናት፤ የገባትን ነገር ወዲያው የምትናገርበት ዕድሜ ላይ ናት። «ታዲያ ያ ሁሉ ዶሮ ወጥ ማን ነበር የሚበ—»

ወርቅውሃ ቦት ጫማዋን ረገጠቻት። በሙሉ ክብደቷ ነው የረገጠቻት።

«መርፌውን፣ ዶክተር!» አለች። «ቀኑ መሸ!»

ከጠዋቱ አምስት ሰዓት እንኳን አልሞላም ነበር።

ሻምበል ተወጋ። አልጮኸም።

ቁልቁል ሲወርዱ ላሊሴ ታነክሳለች። «ለዕድሩ ይንገሩላቸዋ፣ እትዬ ወርቅውሃ። ሰዉ እኮ ይረዳቸዋል።»

«ይረዳቸዋል!» አለች ወርቅውሃ። «አንቺ የኛን ዕድር አታውቂውም። መጀመሪያ ኮሚቴ ይቋቋማል። ቀጥሎ ዕዝራ ስማቸውን በቃለ ጉባኤ ይጽፋል። ቴሌግራሙ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ መድረክ ላይ ቆመው ይጨበጨብላቸዋል። ሰውዬው በማግሥቱ ከቤታቸው አይወጡም። ዳቦና በርበሬ እየበሉ ይሞታሉ እንጂ ድግስ ደጃፍ አይደርሱም።»

ትንሽ ሄዱ።

«ከዚያ ደግሞ» አለች ወርቅውሃ፣ «እጄን አውጥቼ ያስወሰንኩት እኔው ነኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ አሰበች። በሙሉ ድምፅ የተወሰነ፣ የተፈረመ፣ የተጨበጨበለት ውሳኔ፣ ምክንያቱ ሳይነገር እንዴት ይሻራል? እውነቱን ብትናገር ሰውዬውን ታጣለች። ዝም ብትል ሳንባው ይቀጥላል። አምስት ዓመት ሲዋሹ ልትይዛቸው የፈለገች ሴት፣ አሁን የሳቸውን ያህል የሚዋጣላት ውሸት ስትፈልግ ከረመች። እንዲህ ከባድ ነገር መሆኑን አታውቅም ነበር።

በሐምሌ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ሩታ ተመረቀች። ሩታ የዕዝራ ልጅ ናት፤ ድግሱም የዕዝራ ነው። ድንኳኑ ተተከለ፣ ድስቱ ተጣደ፣ ላሊሴም ተጠራች። ጌዲ መሀል ላይ ቦታ ያዘ። አቶ ብዙነህ ዘግይተው መጡ፤ ጥግ ያዙ፤ ሦስት ጊዜ ጎረሱ፤ «ጠገብኩ፣ ይስጥልኝ» አሉ። ወርቅውሃ ከድስቱ በስተጀርባ ሆና አየቻቸው። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

ብድግ ሲሉ ቀደመቻቸው። ጭልፋዋን ይዛ ድንኳኑ መሀል ወጣች።

«ዕዝራ!» አለች። «ያ ውሳኔ ይሰረዝ።»

«የትኛው ውሳኔ?»

«የሻምበል።»

አቶ ብዙነህ በቆሙበት ቀሩ። አንድ እጃቸው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነው።

«ምን ሆነ?» አለ ዕዝራ።

«ከሳ! ምን ይሆናል! ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ቅቅሉን እንቢ ብሏል። አምስት ዓመት የኔን ወጥ የለመደ ሆድ በአንድ ቀን ስብሰባ ይዞራል እንዴ? ልንገድለው ነው!» ጭልፋውን እያወዛወዘች ነበር። ከጭልፋው ጫፍ ወጥ ጠብ ጠብ ይላል።

ጌዲ አፉን ጠረገ። ቀስ ብሎ ወደ ላሊሴ ዞረ። «ዶክተር፣ እውነት ነው? አንቺ ሽንኩርት ይገድላል አላልሽም?»

ላሊሴ አፏ ውስጥ እንቁላል ነበር። አላመጠችና ዋጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ «ዶክተር አይደለሁም» አላለችም። ወርቅውሃን አየች፤ ጭልፋውን አየች፤ በሰኔ የተረገጠውን እግሯን ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰበች።

«ያልኩት እንዳለ ነው» አለች። «ለማንም ውሻ ሽንኩርት እንዳትሰጡ። አንድ ማንኪያም አይሆንም። ቤታችሁ ላለ ውሻ እንዳትሞክሩ፣ እለምናችኋለሁ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ስለ ሻምበል የጠየቃችሁኝ እንደሆነ ግን፣ ድዱን አይቼዋለሁ። ጤነኛ ነው። ከዚህ ድስት የወጣ ወጥ አንድ ቀን እንኳን እሱን አልጎዳውም። ይህን እፈርማለሁ።»

ከአፏ አንድም ሐሰት አልወጣም። ወርቅውሃ ይህን የተረዳችው ማታ ቤቷ ገብታ ነው።

አሁን ግን የምታየው ጌዲን ነው። ድንኳኑ ሁሉ ጌዲን ነው የሚያየው። አንድ ቀልድ ከበቂ በላይ ነበር፤ «ለማን ነው የጠቀመው ታዲያ?» ቢል ነገሩ አለቀ። ጌዲ ተነሣ። ወደ ወርቅውሃ መጣ። ድስቱ ውስጥ አንገቱን አስግጎ አየ።

«እትዬ ወርቄ፣ እንቁላሉን ሁለት አድርጊለት እንጂ» አለ። «የከሳ ውሻ በአንድ እንቁላል ይነሣል?»

«አይቡንም!» አለ ከወዲያ ዕዝራ።

«ለብቻው!» አለች ሩታ፣ ካባዋን እንደለበሰች። «ሻምበል ሲቀላቀል አይወድም።»

«ቃሪያ! ሃዳኮ፣ እናቴ፣ ቃሪያዋን እንዳትረሺ!» አሉ አዴ ገለቴ። «ካለ ቃሪያ እህል አይወርድለትም።»

ወርቅውሃ ጭልፋዋን እንደያዘች ዞር ዞር ብላ ፊታቸውን አየች። የሚስቅ የለም። ሁሉም እንደ አቶ ብዙነህ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ቆመዋል። ያኔ ገባት። ስንት እንቁላል እንደገባና ስንት እንደወጣ የምታውቅ ሴት፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው አምስት ዓመት የሚያውቀውን ነገር ለማወቅ የመጨረሻዋ ነበረች። ያን ቀን ሲጨበጨብ ደግሞ ማንም ሊያስቆማት አልቻለም፤ ለማስቆም ምክንያት መናገር ነበረበት።

አቶ ብዙነህ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ፌስታሉን ዘረጉት።

«ጨው አለው?» አሉ።

«አለው።»

«ሽንኩርት?»

«ኬሻ ሙሉ።»

«ደግ።»

ጨለፈችላቸው። ከታች ጀምራ፣ ወፍራሙን ጨለፈችላቸው። ሁለት እንቁላል ገባ። አይቡ ለብቻ፣ ቃሪያው ለብቻ። ሁለተኛውን ፌስታል ሳትጠየቅ ከእጃቸው ወሰደችና እንጀራውን አጥፋ ከተተችበት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር ሦስተኛ ፌስታል አወጣች።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ብዙነህ።

«ሳንባ ነው። ጨው የለውም፣ ሽንኩርት የለውም።» ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ የኋለኞቹም ይስሙ። «ይሄኛው የእርስዎ ነው፣ ጋሽ ብዙነህ። ለደም ግፊትዎ።»

አቶ ብዙነህ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በመጋዘን፣ አምስት ዓመት በማጀት ያልሳቁት ሰውዬ፣ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ኮቱ አብሮ ተንቀጠቀጠ።

«ተረክቤአለሁ» አሉ።

ዕዝራ ውሳኔውን ሰረዘ፤ በስርዙ ላይ ፈረመበት። ሻምበል በመስከረም ስምንት ዓመት ሞላው። ዶሮ ወጥ ቀምሶ አያውቅም።